ሲንጋፖር፣ ባንኮክ፣ ኳላ ላምፑር፤ ለሁለት ሰው

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 1፡20

ውሃ መጣ። አንድ በርሜል፣ አምስት ጀሪካን፣ ሁለት ባልዲ። ስድስተኛውን ጀሪካን ፍለጋ ጎንበስ ስል ሠናይት በሩ ላይ ቆማ ከስልኳ ታነብልኛለች፦ ሲንጋፖር የቧንቧ ውሃ አይቋረጥም፤ ሳይፈላም ይጠጣል። መረጃውን ባልዲ እንደያዝኩ ተቀበልኩ።

ሰሞኑን ስላልጻፍኩብሽ፣ ደብተሬ፣ ባጭሩ፦ ባለቤቴ ሠናይት የውሃ ባለሙያ ናት። (ቤታችን ጎፋ ነው፤ ውሃ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል። አትሳቂ።) አስራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለችው ዓለም አቀፍ መ/ቤት የክፍል ኃላፊ ሊያደርጋት ነው። እስከ ዛሬ አለቆቿን ሥራ እያስተማረች ስትሸኝ ኖራ አሁን ተራው ደረሳት። ወንበሩ ግን እስያ ነው። ከሦስት ከተሞች አንዱን መርጣ እስከ ዓርብ 14 ማሳወቅ አለባት፤ ሲንጋፖር፣ ባንኮክ ወይም ኳላ ላምፑር። ከዚህ በኋላ ሲንጋ.፣ ባን.፣ ኳላ.። እጄ የደረጃ እድገት አላገኘም።

ልጃችን ምሕረት ሰንጠረዥ ሠርታ ፍሪጁ ላይ ለጥፋለች። አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በሰንጠረዥ የማይፈታ ነገር ገና አልገጠማትም። ት/ቤት፣ ሙቀት፣ ኪራይ፣ ቸርች፣ በርበሬ፤ ሁሉም ከአስር። ኳላ. በበርበሬ እየመራች ነው። ሲንጋ.ን ኪራይ ጣላት። ባን. ጎርፍ አለባት ተብላ ሁለት ነጥብ ተቀነሰባት። ቀናሿ በክረምት ከጎፋ ማዞሪያ እስከ ቤት ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትመጣ ልጅ ናት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከሥራ መልስ

መ/ቤቱ የላከውን ማነጻጸሪያ አነበብኩ። ለ«ኤክስፓቶች»፣ ማለትም ከውጭ ለሚመደቡ ሠራተኞች፣ የተዘጋጀ ወፍራም ጥራዝ። ስለ ባን. «ሕዝቡ ፈገግተኛ ነው» ይላል። ይህ የሰፈረው «አገልግሎቶች» በሚለው ርዕስ ሥር ነው፤ ከላውንደሪ ቀጥሎ፣ ከአየር ማቀዝቀዣ ጥገና በፊት። ኳላ. «ሲናገሯቸው ይገባቸዋል» ተብላ ተመሰገነች። ጥሩ ዳቦ ሦስቱም ጋ አለ። ጸሐፊውን ዳቦ ያስጨንቀዋል። ባንኮክ ለባንኮክ ልጅ ትመቻለች ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አላገኘሁም።

ንዴቴ እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ የራሳችንን ከተማ አገኘኋት፤ «አስቸጋሪ የሥራ ቦታ»። እዚህ የሚመደብ የውጭ ሰው የችግር አበል ይታሰብለታል። የሠናይት አለቃ ብስራተ ገብርኤል ነው የሚኖረው። ጄኔሬተር፣ የጉድጓድ ውሃ፣ ሁለት ዘበኛ፣ የሎሚ ዛፍ። መከራውን ስለሚቆጥር ይከፈለዋል። እኛ ጎፋ ሃያ ዓመት ስንኖር መሰቃየታችንን የነገረን እንኳ የለም።

የእኛ ሰው ሲሄድ ስደተኛ፣ የእነሱ ሲመጣ ኤክስፓት። እዚያ ስንደርስ አንቺ የትኛው ልትሆኚ ነው ብዬ ሠናይትን ጠየቅኳት። «ኃላፊ» አለችኝና ሩዟን ማማሰል ቀጠለች።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። 11 ሰዓት

ጥፋቱ የኔ ነው። ወይም አይደለም። ልጻፈውና አንቺ ፍረጂ።

የቤተሰብ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነበርኩ። «ልጆች» የሚል ቦታ አለ። ብዕሬ ሳያመነታ ምሕረት ማርቆስ ብሎ ጻፈ። ማርቆስ የሠናይት ታላቅ ወንድም ነው፤ ወላይታ ሶዶ መምህር ነው። ልጅቷ አራት ዓመቷ ላይ አዲስ አበባ ትማር ብሎ ይዟት መጣ፤ ሁለት ሌሊት አድሮ ተመለሰ። በቃ። ያን ዕለት ማንም ወረቀት አልጻፈም። ለወንድም ልጅ ደግሞ ምን ወረቀት ይጻፋል? አስራ ሁለት ዓመት ሆነ። እኛ ሌላ ልጅ የለንም። ሌላ ያስፈልገን እንደነበርም ትዝ ብሎን አያውቅም።

ዛሬ መልስ መጣ፤ «ጥገኛ ልጅ፦ የለም።» የልደት ወረቀቷ ላይ ያለው አባት ሌላ ነው፤ ስሟም ከ«ቤተሰቡ ስም» ጋር አይመሳሰልም። ሠናይት ራሷ በእኔ ስም ስለማትጠራ የጋብቻ ማስረጃም እንድናያይዝ በትሕትና ተጠይቀናል። ስለዚህ በዛሬው ዕለት ሚስቴ አጠራጣሪ ናት፣ ልጄ የለችም፣ አባቴም ስሙን ስላዋሰኝ ምርመራ ሳይጀመርበት አይቀርም።

መፍትሔም አቅርበዋል። በፍ/ቤት የጸደቀ ጉዲፈቻ፣ የእኔ ስም በአባት ቦታ የገባበት አዲስ የልደት ወረቀት። ይህ እስከ 14 ከተጀመረ ይጠብቁናል። አለበለዚያ ጉዞው ለሁለት ሰው።

ሠናይት አንብባው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፋችው። ለማርቆስ የደወልኩት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8። ከሰዓት

ማርቆስ የሳምንት ፈቃድ ወስዶ በጠዋቱ አውቶቡስ መጣ። በሃይላንድ ጠርሙስ የታጨቀ ዳጣ፣ ያ የሚያቃጥለው የወላይታ የቃሪያ ድልህ፣ እና አንድ ከረጢት ቦይና፣ የሶዶ ጎደሬ። ዳጣው ስንት ሰው ኳላ. ሊሸኝ እንደታሰበ አላውቅም። ምሕረት አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ቆየች፤ ከዚያ ወደ መዘምራን ልምምዷ ሄደች። እስካሁን የምታውቀው ሰንጠረዡን ብቻ ነው።

ማርቆስ በረጅሙ ጸለየ፣ በላ፣ እጁን ታጠበ። ነገሩን አስረዳሁት። ስጨነቅ እንደ ጋዜጣ ነው የማወራው፤ «በሕግ አግባብ» ሁሉ ሳልል አልቀረሁም። ታግሶ ሰማኝ።

«አማቼ፣ እኔ ልጄን ሰጥቼ አላውቅም። እህቴም ስጠኝ ብላኝ አታውቅም። ዳኛ ፊት ቆሜ ያልተደረገ ነገር ልናገር?»

መጽሐፍ አንባቢ ነህ ይሉኛል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። ማርቆስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለትምህርቷ ከሆነ ግን እፈርማለሁ አለ። ይሄኛው ባሰ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሠናይት ተነሥታ መታጠቢያ ቤት ገባች። ውሃ በሌለበት ቀን።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። እራት ተነሥቶ

ጠበቃ አማከርን። ማመልከቻው ነገውኑ ሊገባ ይችላል። ግን ዳኛው ልጅቷንም ይጠይቃታል አለ፤ ፈቃዷ ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ለምሕረት መናገር ግድ ሆነ። ሁላችንም በተራ ተናገርን፤ እያንዳንዳችን የሌላውን አበላሸን።

ምሕረት እስክንጨርስ ጠብቃ፣ «ሁለት አባት አለኝ። ለቪዛ ብዬ አንዱን አልሰርዝም» አለች። አክስቷ ትሂድ፤ እሷ ሶዶ ሄዳ እዚያ ት/ቤት ትጨርሳለች፤ ሁለት ዓመት ምንም አይደለም። አላለቀሰችም። ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች። ምንም እንዳልሆነ ከሳህኖቹ መጋጨት ሰማን።

ማርቆስ፣ ይሄ ምላስ ካንተ ነው የተወሰደው አለኝ። የለም፣ የቤተሰባችሁ ነው አልኩት። ለጥቂት ደቂቃ የችግር አበል የማያስፈልገን ሰዎች ነበርን።

ሠናይት አልሳቀችም። ሁለት ዓመትን ታሰላ ነበር። ይህን ወንበር ስንት ጊዜ ለሌላ እንዳዘጋጀችው እኔ አውቃለሁ። ሂጂ ብላት ልጅቷን የማባርር ይመስለኛል። አትሂጂ ብላት ደግሞ እሷን። ስለዚህ ስለ ባን. ትራፊክ አወራሁ። ፈሪ ነኝ። ጻፊው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ጠዋት

ፍሪጁ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ተቀይሯል። ት/ቤት፣ ሙቀት፣ ኪራይ፣ ቸርች፣ በርበሬ፣ ሁሉም በአንድ መስመር ተሰርዘዋል። ከሥራቸው አዲስ ጥያቄ፦ «ስንት ሰው ነን?» ሲንጋ. 2። ባን. 2። ኳላ. 2። አራተኛ ከተማም ተጨምራለች። ጎፋ፣ 3። በቅንፍ፦ ማርቆስ ሲመጣ 4።

የምሕረት ጽሑፍ አይደለም። አስራ ዘጠኝ ዓመት የውሃ ልክ የመዘገበች እጅ ናት።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። 10፡40

መልሱን ላከችው።

የመጀመሪያው አንቀጽ የሷ ነው። ከሦስቱ ከተሞች አንዱንም አልመረጠችም። የኃላፊነቱን ሥራ ካለችበት ሆና ልትሠራው ትችላለች፤ ስብሰባ ሲኖር ትመላለሳለች። ይህ ካልተቻለ ወንበሩን ለሌላ ስጡት። ልጅ አላት፤ ስሟ ምሕረት ማርቆስ ነው፤ ይህ ስም አይቀየርም። ልመና የለበትም። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የሚነካ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አጣሁ።

ሁለተኛውን እንዳረቅቅ ተፈቀደልኝ፦ «ሠራተኛዋ ጎፋ የምትኖር ሲሆን፣ ከተማዋ በራሳችሁ ዝርዝር አስቸጋሪ የሥራ ቦታ ተብላ ስለተመደበች፣ የችግር አበሉ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ እንዲታሰብላት በአክብሮት ትጠይቃለች።» ታወጣዋለች ብዬ ነበር። አላወጣችውም። «በአክብሮት» የሚለውን ብቻ ሰረዘች።

ወንበሩ ሊሄድ ይችላል። ታውቀዋለች። ከላከችው በኋላ እጇ መላኪያው ቁልፍ ላይ እንደቀረ አየሁ።

ማርቆስ ነገ ይመለሳል። ዳጣውን ለማን ልተወው ሲል ምሕረት ጠርሙሱን ወስዳ ፍሪጅ ውስጥ ከተተችና በሩን ከነሰንጠረዡ ዘጋችው።