የደምሰው ቀሪ ዘጠኝ ቀን

ግንቦት 3 ቀን 1980 ዓ.ም.

ትንቢተ ሕዝቅኤልን ትናንት ጨረስኩ።

ይድረስ ለወንድሜ ለመሪጌታ ቸርነት፤ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ሆኜ የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዞዎታል እላለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ሽንኩርቱ ተነቅሏል፤ ላሟም ወልዳለች።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ አሸከሙኝ። ልጄ ደምሰው ንስሐ ገብቶ አርባ ቀን እንዲሰግድ ቀኖና ተሰጠው። ሠላሳ አንዱን ቀን እንደሰገደ ከጀውሃ ገበያ ለውትድርና ታፈሰ። ቀሪውን ዘጠኝ ቀን እኔ ሰገድኩለት። ይቆጠርለታል ወይ ብዬ ብጽፍልዎ፣ «የመዳን ነገር በአንድ ጥቅስ አይታወቅም፤ ከዘፍጥረት እስከ ራእይ አንብቢ» አሉኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ለቆጠረ ሰው ይህ ቀላል ነው? ሕዝቅኤል ደግሞ ኖኅ እንኳ ቢሆን ራሱን እንጂ ልጁን አያድንም ይላል። እዚያ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ሳምንት ሙሉ አልነካሁትም። ራእይ እስክደርስ አያስጠብቁኝ፤ አሁኑኑ ይመልሱልኝ።

ጎረቤቴ ሐጂራ፣ «እስካሁን አላገኘሽውም? የኛን ሼህ ብትጠይቂ ይሄኔ ነግረውሽ ነበር» እያለች ትስቅብኛለች።

ደምሰው ከየካቲት ወዲህ አልጻፈም፤ ወረቀት አጥቶ ይሆናል።

ዛሬ ጠዋት ከሐጂራ ጋር ቀበሌ ሱቅ ለስኳር ተሰልፈን ነበር። ሁለት ሰው ሲቀረኝ ሊቀመንበሩ ወረቀት ይዞ ወጣና የዘማች ቤተሰቦችን ስም መጥራት ጀመረ፤ ባለፈው እንዲህ የተጠሩት መርዶ ነበር የጠበቃቸው።

«ዘርፌ፣ ወዴት ነው? ተራሽ ደርሷል እኮ!» አለችኝ ሐጂራ።

ስሜ ሳይጠራ ባዶ ከረጢቴን አስይዣት ከሰልፉ ወጣሁ።

ለእትዬ አስካለና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

እህትዎ ዘርፌ