ሞያሌ የቀረው ጭነት

ውድ ወንድሜ ነህምያ፣

ከሰላምታ በፊት አንድ ኑዛዜ አለብኝ። እኔ ሰሊሆም፣ ዕድሜዬ ለምስክርነት ባይደርስም አእምሮዬ ሙሉ ሆኖ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ ለናሙና ብለህ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥከውን የሙዝ ቺፕስ በልቻለሁ። ዳጣ ያለበትንም፣ የሌለበትንም። ማሸጊያው ላይ «ለአንድ ዓመት ሳይበላሽ ይቆያል» ብለህ ስለጻፍክ እውነት መሆኑን ማጣራት ነበረብኝ። እውነት ነው። ፍርዱን አንተው ስጠኝ።

የምጽፍልህ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ መጋዘንህ ውስጥ፣ ባዶ ካርቶኖች መሃል ተቀምጬ ነው። ስልክህ ተዘግቷል። እማዬ ደጋግማ ትደውላለች። የስልኳ ሴትዮ «ደንበኛዎን ማግኘት አይቻልም» ስትላት «ደንበኛዬ አይደለም፣ ልጄ ነው» ብላ ትመልስላታለች። በፊት በዚህ እስቅ ነበር። ጭነትህን ወደ ኬንያ የጫነው ሾፌር፣ ጋሼ ሽበሺ፣ ነገ ወደ ሞያሌ ስለሚመለስ ይህን በእጅህ እንዲሰጥህ አስምዬዋለሁ።

ያየውን ሁሉ ነግሮናል። ኬላው ላይ ካርቶኖቹ ሲከፈቱ በየውስጣቸው እርጥብ ሳር እንደተገኘ፣ ሥሩ ከነአፈሩ፣ በሙቀቱ አልቦ ካርቶኑን እንዳራሰው። ፈታሾቹም «የጤና ማረጋገጫ የሌለው ተክል ድንበር አይሻገርም» ብለው ጭነቱን በሙሉ እንዳገዱት፣ የናይሮቢው ገዢ ጠብቆ ጠብቆ እንደተወው። እማዬ ይህን ሁሉ ቆማ ሰማች። ያስቀመጣት የመጨረሻው ነው። «በዚህ ፊቴ አርባ ምንጭ አልገባም፣ ከደላላው ጋር ወደ ደቡብ አፍሪካ እወርዳለሁ» ብለሃል አሉ።

የጎረቤታችንን የእትዬ ዓለምጸሐይን ልጅ አትርሳ። እሱም በዚያው መንገድ ነው የወረደው። ሳሎናቸው ውስጥ ፎቶውን በፕላስቲክ አበባ ከበውታል። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ የሰሙት ነገር የለም። እትዬ በየሳምንቱ መስታወቱን ይወለውላሉ።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብብ። የመጋዘኑ ቁልፍ ዘርአብሩክ ጋ ስለነበረ «እሱ ነው ያጠፋኝ፣ ቀንቶብኝ ነው» ብለህ በስልክ ሰድበኸዋል። አብራችሁ ተምራችሁ፣ አብራችሁ ሥራ ፈትታችሁ፣ አብራችሁ ሙዝ የላጣችሁ ጓደኛህን። ሳሩን ያስገባው ዘርአብሩክ አይደለም። አባባ ናቸው። የራሳችን አያት፣ አባባ ኤርጫፎ።

ምግብህን መጀመሪያም አላመኑትም ነበር። «ዓመት ሙሉ የማይበላሽ ምን ዓይነት ምግብ ነው? እኔ ሰው እንኳ ዓመት ሙሉ ሳይበላሽ አላየሁም» ሲሉህ፣ አንተ «ቆጮስ አባባ? ጉድጓድ ውስጥ ስንት ወር ይከርማል?» አልካቸው። «ቆጮ ይተነፍሳል! አንተ ሙዙን በላስቲክ አፍነኸዋል» ብለው ለሁለት ቀን አኮረፉህ።

የጭነቱ ዕለት አንተ ወረቀት ልታስመታ ስትወጣ፣ አባባ ከደጋው፣ ከኦቾሎ ያስመጧቸውን ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡ። የሦስቱ ጥርስ ቢደመር አንድ አፍ አይሞላም። ከኩልፎ ወንዝ ዳር ያጨዱትን ሳር በእጃቸው ይዘው መኪናው ፊት ተንበረከኩና መረቁ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። የቀረውን ዘርአብሩክ ነው የነገረኝ። አሁን ባጃጅ ይነዳል። ከትምህርት ቤት ሲያመጣኝ ወጥሬ ያዝኩት።

«ሳሩን ከላይ ያስቀምጡት ስላቸው እምቢ አሉ» አለኝ።

«ምን ብለው?»

«ከላይ ንፋስ ይወስደዋል፣ ምርቃቱ ኮንሶ ሳይደርስ ይበተናል፣ ካርቶኑን ክፈት አሉኝ። ታሽጓል እኮ አባባ ብላቸው፣ መልሰህ እሸገዋ! አሉ። ደረቅ ነገር ብቻውን ሰው አገር አይገባም፣ ልጄ እዚያ ማን አለው፣ እርጥብ ነገር ይዞ ይግባ አሉ።»

«አንተም ከፈትክ?»

«ሰሊሆም፣ ሦስት ሽማግሌ ሳር ይዞ እግርሽ ሥር ተንበርክኮ ያውቃል?»

  በእኛ በጋሞዎች ዘንድ ያንን ሳር ማን ይራመደዋል? ዱላ ይዞ የሚሮጥ ጎረምሳ እንኳ ሲያየው ይቆማል። ዘርአብሩክ ደግሞ የያዘው የካርቶን ፕላስተር ነበር።

«ነህምያ ሲሰድብህ ታዲያ ለምን አልነገርከውም?»

«አያትህ ናቸው የጣሉህ ልበለው? እኔን ቢጠላ ይሻላል። እኔን የሚተካ ጓደኛ አያጣም።» ከዚያ የባጃጁን ሙዚቃ ከፍ አደረገው። የመጣሁበትንም ሂሳብ አልተቀበለኝም።

አባባ ይህን አያውቁም። እማዬ «ትንፍሽ ያለ ልጄ አይደለም» ብላ ስላስጠነቀቀችን፣ ጭነቱ በሰላም ደርሷል አልናቸው። ምነው ባላልናቸው። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ ለቅሶ ቤት፣ ሊስትሮው ጋ፣ «ኬንያዎች የልጄን ሙዝ እየበሉ ነው፣ ሳሩ ነው ያሻገረው» እያሉ ነው። ሰው «እሰይ!» ይላቸዋል። እኔ በጎን አፌን ይዤ እስቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ተከተልኳቸው። መናኸሪያ ገቡ። ከሞያሌ በኩል የሚመጣው የኮንሶ አውቶቡስ ሲደርስ ተነሥተው የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያሉ። ሲያልቅ ከዘራቸውን ያስተካክሉና ተመልሰው ይቀመጣሉ።

«አባባ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«መኪና እቆጣጠራለሁ።»

«ማን ቀጠረዎት?»

«ሥራ ያለው ሰው አይጠየቅም!»

በማግስቱም ሄዱ፣ ከዚያም ወዲያ። እንደምታውቀኝ በአባባ የማልቀልደው ነገር የለኝም። በዚህ ግን ቀልድ ሞክሬ አጣሁለት።

ስለዚህ ና። ጭነቱን እዚያው ተወው፣ ለሞያሌ ፍየሎች በትነውና ና። ሰው ምን ይለኛል ካልክ ይበላ! እዚህ ከተማ ሥራ ፈትቶ የማያውቅ ተመራቂ ካገኘህ ጠቁመኝ። ዘርአብሩክ የማሸጊያ ማሽኑን አልሸጠውም፣ በጆንያ ሸፍኖታል። ደላላው ግን ስምህን እንኳ

ተያዝኩ። «ሰሊሆም!» የሚል ድምፅ ከበሩ መጣ።

አባባ ናቸው። ስጽፍ ጮክ ብዬ የማነበውን ነገር ተዪ እያልከኝ አልሰማህም። ከየት ጀምረው እንደሰሙ አላውቅም። ስለ ጥርሳቸው ያልኩትን አልተቆጡም፣ ስለዚህ ቆይተው ነው የደረሱት፣ ወይም ደግሞ ግድ አልሰጣቸውም። አሁን ከጎኔ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። ካርቶኑ ከሥራቸው ቀስ እያለ እየሰመጠ ነው፣ አላስተዋሉም። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና እንደ ልማዳቸው ወንድ አድርገውኝ «ጻፍ» አሉኝ። ቃል በቃል ይኸው፦

«ነህምያ፣ ሳሩ የእኔ ነው። ዘርአብሩክን ይቅርታ በለው። ሰው አገር ሄደህ ማንን ትቆጣለህ? እዚህ መጥተህ እኔን ተቆጣኝ።»

እህትህ ሰሊሆም