በሐይቁ ዳር የገዛነው ማረፊያ

ለማከብርዎ ወንድም ጋሼ፣ እርስዎም ልጆቹም እንዴት ከረማችሁ? እኛ አለን።

ቤታችንን ሸጠን የሐይቁን ዳር የእንግዳ ማረፊያ ከገዛን ወዲህ ፋታ የለኝም። የቀድሞዋ ባለቤት ቃል የገባችላቸው እንግዶች ስለሚመጡ አንሶላ ሳጥብ እውላለሁ። ባለቤቴም የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ፣ በሩን ቀለም ቀባ። ትናንት ግን ሻንጣችንን ሸክፎ በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወደ ቤታችን ነዋ! ሰዎቹ በደንብ አስተናግደውናል፤ ቁልፋቸውን መልሺላቸው» አለኝ።

እንግዶች አጠገባችን ስለነበሩ ሳቅ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩት። ልብሱንም አውጥቼ መልሼ ሰቀልኩት።

አብሮ አደግዎ ስለሆነ ድምፅዎን ሲሰማ ደስ ይለዋል። ብቻ ሲደውሉለት አደራ፣ መጀመሪያ ማን እንደሆኑ ይንገሩት።

ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

እህትዎ