ድንች ሲወድቅ የቆጠርኩት

ይድረስ ለልጄ፣

ከእኔ ከአባትሽ ከጫማ ሰፊው የተነሳው ሰላምታ መንገዱ ሁሉ ቀንቶት ደጃፍሽ ይድረስ። እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? ያ የሥራ ቦታሽ ደረጃ አሁንም ያደክምሻል? ባለቤትሽ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀው? ቁንጥንጧ ልጅሽስ? የወለቀው ጥርሷ በቀለ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ከተቀመጠ መነሳት፣ ከተነሳ መቀመጥ ያስጠላዋል እንጂ እጄ አሁንም ወስፌ ይይዛል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ። ፎቅ ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ እንደ ወትሮው አባባ እኔ ልጻፍልዎ ብላኝ ነበር። የዛሬው የእኔና የልጄ ጉዳይ ነው፣ መሃላችን ሰው አይገባም አልኳት። ፊደሉ ከተንጋደደብሽ ጥፋቱ የመነጽሩ ነው።

ዋናውን ነገር ሳላስረዝም ልንገርሽ። ያዘዝሽኝን አላደረግሁም። ድንችን በመርፌ አላስገደልኩትም። ልጅሽ ስትሄዱ እያለቀሰች እጄ ላይ ጥላው የሄደችው ያ ጊኒ ፒግ በሕይወት አለ። ይህን ስጽፍልሽ መስኮቱ ሥር ሆኖ ካሮት ይቆረጥማል፤ ድምፁ የብዕሬን ጭረት ያስንቃል።

መጀመሪያ ስታመጪብኝ እንዴት እንደተጣላን አትረሺም። ስሙ አሳማ፣ መልኩ አይጥ፣ ጩኸቱ የወፍ፣ ይህን ምን የሚሉት ፍጥረት ነው የምታስታቅፊኝ ብዬሽ ነበር። አሁን ቁልፉን በር ላይ ሳዞር ያፏጭልኛል። እናትሽ ከሞተች ወዲህ ስገባ ድምፅ ያሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

ሕመሙ የጀመረው ለት የአንዲት ነርስ ጫማ ተረከዝ እየለጠፍኩ ነበር። ድንች ከሚያድርበት ሳጥን ውስጥ ኳ ኳ ሲል ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ድንች በጎኑ ወድቆ አራት እግሩን ያወናጭፋል። አንገቱ ወደ ኋላ ተቆልምሟል። ዓይኑ ፈጧል፣ እኔን ግን አያየኝም። ልጄ፣ እኔ አልደነገጥኩም። አንቺም ብትኖሪ አትደነግጪም ነበር። እናትሽ በሚጥል በሽታዋ ስትወድቅ አንቺ ዱካ ወንበሩን ከአጠገቧ ትገፊያለሽ፣ እኔ ሹራቤን ከራሷ ሥር አስገብቼ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። አፏ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ማንም ጨብጦ አይዛትም፣ ውኃ አይደፋባትም። የቤታችን ሕግ ይህ ነበር። ለድንችም እንደዚያው አደረግሁ። የምግብ ሳህኑን አነሳሁ፣ ዙሪያውን ጨርቅ ጎዘጎዝኩ፣ አንድ፣ ሁለት ብዬ ጀመርኩ። አርባ አንድ ላይ ለቀቀው። ተነስቶ እንደ ሰከረ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ቁጥሩን በጫማ ካርቶን ክዳን ላይ ጻፍኩት። ፊደል ቢያስቸግረኝ ቁጥር አያስቸግረኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው እግር ስለካ ነው የኖርኩት። በሦስተኛው ቀን ሠላሳ። ከዚያ አምሳ አምስት። ይኼኔ ነው በልብስ ሰፊዋ አስጽፌ የላክሁልሽ። አንቺም እኔ በልጅነቴ ያየሁትን ልጄ እንዳታይ፣ ለዕረፍት ሳንመጣ በመርፌ ይረፍ፣ ተኝቶ ሞተ እንላታለን ብለሽ መለስሽልኝ። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስታነብልኝ ደብዳቤውን ከእጇ ነጠቅኋት። እናትሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትወድቅ ስትነሳ ኖራለች። ስትነሳም መጀመሪያ ሻሿን ታስተካክላለች፣ ቀጥላ ስንት ደረስክ ትለኛለች። ማን ነው በመርፌ ትረፍ ያለው?

አሁን ደግሞ ጥፋቴን ልንገርሽ። ለሌላ ሰው አልናገረውም። በሽታውን አውቀዋለሁ ብዬ ሐኪም ጋ አልወሰድኩትም። ልብስ ሰፊዋ ይህ እንስሳ እያከከ ጠጉሩ አለቀ፣ ሐኪም ይየው ብትለኝ፣ አንቺ ቁልፍሽን ትከዪ፣ ይህን በሽታ የማውቀው አንቺ ሳትወለጂ ነው አልኳት። ማከኩን የቆሻሻ ነው ብዬ በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። በዚያ ቀን ሦስት ጊዜ ወደቀ። ሦስተኛው ሰማንያ ሁለት ደረሰ። ሲለቀው ካፖርቴን አነሳሁና በብብቴ ወትፌው ወጣሁ።

የእንስሳት ሐኪም ቤት ስደርስ መዝጋቢዋ ምን ይዘው መጡ አለችኝ። ጊኒ የሚለው ከአፌ ጠፋብኝና አሳማ አልኳት። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ወደ በሩ አየ። ውሻ የያዘ አንድ ሰውዬ አሳማውን ውጭ አስረውት ነው ወይ አለኝ። ከብብቴ አውጥቼ ባሳየው፣ አባት፣ አሳማ ነው ብለው ሸጠውልዎ ከሆነስ ተሸውደዋል ብሎ ሕዝቡን አሳቀብኝ።

ሐኪሟ ካንቺ ታንሳለች። የካርቶን ክዳኑን ስሰጣት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ቀኑንም ቁጥሩንም እንዲህ አድርጎ ይዞልኝ የመጣ የተማረ ሰው እንኳ የለም አለችኝ። ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ ከቆዳው ላይ በምላጭ ትንሽ ፍቃ በመስታወት ላይ አደረገችና በማጉያው ይዩ አለችኝ። አየሁ። ክብ፣ እግረ አጭር፣ አስቀያሚ ተባይ ይርመሰመሳል። የሚጥል በሽታ አይደለም፣ እከክ ነው አለችኝ። ተባዩ ቆዳው ውስጥ እየቆፈረ ያሳክከዋል፤ ማሳከኩ ሲጠናበት ነው የሚያንፈራግጠው፤ መታሸትና መታጠብ ደግሞ ያባብስበታል። ሌላ ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ አያገኙትም ነበር አለችኝ። ከእናትሽ ሌላ እኔን የረታችኝ እሷ ናት። ለካ ድንችን በእናትሽ በሽታ ሳስታምመው ነበር የከረምኩት።

መርፌ ወጋችው፤ አንቺ ያልሽውን ዓይነት ሳይሆን የሚያድነውን። በየአሥር ቀኑ አንድ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት ነበር፣ የመጨረሻውን ባለፈው ሳምንት ጨረሰ። ድርቆሹንም አሮጌውንም ሳጥን አቃጠልኩ። አዲሱን ሳጥን በእጄ ሠራሁለት፣ ማስቲሹ እንዳይሸተው ብላ ሐኪሟ ስላዘዘችኝም መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩት። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ሁለት ጊዜ ወድቋል፤ አንዱ ሃያ፣ አንዱ አሥራ ሁለት። ከዚያ ወዲህ የለም። ጠጉሩም እንደ ጫማ ብሩሽ ቀጥ ብሎ እየበቀለ ነው። ልብስ ሰፊዋን ይቅርታ አልጠየቅኋትም፤ የሁለት ጫማዋን ተረከዝ ግን በነፃ ቀየርኩላት፣ ገብቷታል።

ልጅቷን አትዋሺያት። አንቺ በስድስት ዓመትሽ ዱካ ትገፊ ነበር። ፈርተሽ እንደነበር አውቃለሁ። ዱካውን ገፍተሽ ከጨረስሽ በኋላ የሱሪዬን ጫፍ ይዘሽ ትቆሚ ነበር፣ እኔ ግን የማየው እናትሽን ስለነበር አንድ ቀን እንኳ ዞር ብዬ አንቺስ ምን ሆንሽ አላልኩሽም። ይህም ጥፋቴ ነው። በአንድ ደብዳቤ ሁለት ጥፋት ይበቃኛል፣ ሦስተኛ አትፈልጊብኝ። ለልጅሽ ግን ድንች ታሞ ይወድቅ ነበር፣ ሐኪም አዳነችው በያት። ብትፈራም የምትይዘው ሱሪ አላት፤ አሁን ዞር ብዬ አያታለሁ።

ባለቤትሽን ሳሉን አይናቀው በይልኝ፤ እኔ ማከኩን ንቄ ያገኘሁትን አይተሻል። አማትሽን አክብሬ ሰላም ብያለሁ፤ የላኩልኝ ካልሲ ልክ ሆኖኛል። ቁንጥንጧን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጥርሷ ከበቀለ አንዱን ካሮት ለእሷ አስቀርቻለሁ። ልብስ ሰፊዋም ሰላም ብላችኋለች፣ ምን እንደጻፍኩ ግን አልነገርኳትም።

አንቺም እንደ እናትሽ ስንት ደረስክ ብትዪኝ፣ ሃያ ስድስት ደርሻለሁ። ይኸኛው ግን ድንች ሳይወድቅ የዋለበት ቀን ነው፤ እናንተ እስክትመጡ አላቆምም።

አባትሽ

ከጫማ መሥሪያው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን