በቀይ ቀለም ታርሞ የመጣው ደብዳቤ

ደምስዬ፣

ከተለየኸኝ ይኸው ዘጠኝ ወር ሞላ። አስቀድሜ የሚያሳፍረኝን ልናዘዝልህ፦ በስምህ ደብዳቤ ስጽፍ ከርሜያለሁ። ለሌላ ሰው አይደለም፣ ለሲስተር ፒላር ነው። ትሠራበት የነበረው የሰፈራችን ክሊኒክ ተዘግቶ አገሯ ስትገባ «እስፓንኛህን አጥና፣ እኛ ጋ መጥተህ ነርስነት ትማራለህ» ያለችህ አሮጊት።

ሳልስትህ በወጣ ማግስት «ትመጣለህ ወይ?» የሚል ደብዳቤዋ ደረሰ። ቃሉን ከደብተርህ ጋር እያመሳሰልኩ ነው የፈታሁት። እውነቱን ልጽፍላት ብዬ የዕድራችንን ዳኛ ኦቦ ገመቹን ባማክራቸው ተቆጡ። «ደግፎ የሚይዛት ሰው በሌለበት ብቻዋን ታንብበው? መርዶ በፖስታ አይላክም፣ ልጄ።»

ዝም ማለትም አልሆነልኝም። የደብተርህ መጨረሻ ገጽ ላይ «መምጣት» የሚለውን ግስ ዘርዝረኸዋል፤ ቬንድሪያ፣ እመጣ ነበር፤ ቬንድሪያስ፣ ትመጣ ነበር። ትዝ ይልሃል፣ እግርህን ስትታጠብ እንደ ዳዊት ስትደግመው «መጣሁ በል እንጂ፣ እመጣ ነበር ብሎ ነገር ምንድነው?» እያልኩ ስስቅብህ? ትኩሳቱ ሲጥልህ «ይመጡ ነበር» የሚለው መስመር ብቻ ሳይጻፍ ቀርቶህ ነበር። እኔም የመጀመሪያውን መስመር ገልብጬ፣ ስምህን ከግርጌው አድርጌ ላክሁላት። ውሸትም አልመሰለኝም።

ድሮ የምትልክላትን መልመጃ እንደምታርመው፣ በቀይ ቀለም ታርሞ ተመለሰ። ጠርዙ ላይ «የእጅ ጽሑፍህ ተበላሽቷል፤ አመመህ እንዴ?» ብላበታለች። ያንኑ ቃል ደግሜ ላክሁ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ አልጋህን መስኮት አጠገብ እንዳነጠፈችልህ ይናገራል። አሁን ግን መጠበቁ ሰልችቷት ራሷ ልትመጣ ነው። ሐሙስ ቡራዩ ትገባለች።

ቤታችን እንደምታውቀው አይደለም። እናትህ እህትህ ዘንድ ሰበታ ገብተዋል፤ ካፖርትህን ለወንድምህ ሰጥቻለሁ። ፎቶህንም ዛሬ ከግድግዳው አወረድኩት፤ ሲስተር ሳትጠረጥር ራቷን በልታ እንድትተኛ ነው። ማለዳ ኦቦ ገመቹ ከጎረቤቶች ጋር ገብተው ያረዷታል። ሐሙስ ማታ ጥቁሬን አውልቄ፣ ነጭ ለብሼ እየሳቅሁ ልቀበላት ነው። የት ሄደ ካለችኝም «ሰበታ እናቱ ጋ ነው፣ ነገ ይመጣል» በይ ተብያለሁ። ይህን ከአፌ ማውጣቴን እንጃ።

ከመርዶው በኋላ ደብተርህን አስረክባትና የጻፍኩት እኔ መሆኔን እነግራታለሁ። ትርገመኝ ወይም አቅፋኝ ታልቅስ፣ አላውቅም። ዓርብ ከሰዓት መቃብርህ ድረስ መጥቼ የሆነውን ሁሉ አጫውትሃለሁ። እስከዚያው ነጭ ለብሼ ብታየኝ ረሳችኝ እንዳትል። ለአንድ ማታ ነው።

የአንተው አስካለ