ጀሪካን ላይ የለጠፍኩት ድምፅ

ሰኞ፣ የካቲት 9

አለቃዬ ከአዲስ አበባ ደወለ። ሰላም እንኳ በቅጡ ሳይለኝ፣ እስከ ዓርብ አንድ ሆቴል ካላዘዘ የባሕር ዳሩ ቢሮ ይዘጋል አለኝ። ቢሮ የሚለው ይህችን የምተኛባትን ክፍል ነው። ከተዘጋ ወዴት ልገባ ነው? አዳማ፣ ወንድሜ ሳሎን፣ ሶፋ ላይ። ሞቼ ነው!

ለሆቴሎቹ በናሙና የሰጠሁት የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጀሪካን ላይ ኪውአር ኮድ ለጥፌያለሁ፤ ለየሆቴሉ የተለየ። በስልክ ስካን ሲያደርጉት አንሶላ እንዴት እንደሚዘፈዘፍ የእኔ ድምፅ ይነግራቸዋል፤ መጨረሻ ላይ ስልኬን እሰጣለሁ። አለቃዬ ለባለሙያ መክፈል ስለሰሰተ እኔው ቀዳሁት። የየትኛው ሆቴል ኮድ ስካን እንደተደረገ ስልኬ ላይ አያለሁ። እስከ ዛሬ ስካን ያደረገው ማነው? እኔ፣ ስሞክረው።

ትናንት ቅበላ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሲበላ ሲስቅ አመሸ። እኔ ቀይ ወጥ በፌስታል አምጥቼ ብቻዬን በላሁ።

ማምሻውን፦ የሐይቁ ዳር ሆቴል ኮድ ሦስት ጊዜ ስካን ተደርጓል! ብቻዬን እልል አልኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ወይ ማፈር! ቀሚሴን ተኩሼ፣ ሊፕስቲክ ሁሉ ተቀብቼ ወደ ሆቴሉ ሄድኩ። የግዢ ኃላፊው አቶ ሙሉቀን ቀና ብሎም አላየኝ። "እህቴ፣ ናሙናሽ ገና አልተከፈተም፤ ስቶር ነው ያለው" አለ። ታዲያ ማነው ስካን ያደረገው ብዬ ስልኬን ባሳየው ሳቀብኝ።

በሐይቁ ዳር በእግሬ ተመለስኩ። አንድ ወጣት "አንሺን" ብሎ ስልኩን ሰጠኝ፤ ከእጮኛው ጋር አነሳኋቸው። ከአቶ ሙሉቀን ሌላ ዛሬ ያናገረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ኮዱ እንደገና ስካን ተደረገ። ማነህ አንተ፣ አንሶላ መዘፍዘፍ እንዲህ የሚያስደስትህ?

ረቡዕ፣ የካቲት 11

የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ከዘጌ፣ መሪጌታ ይባቤ የሚባሉ አባት ናቸው። "ልጄ፣ ከጀሪካኑ የምትናገሪው አንቺ ነሽ?" አሉኝ። ነኝ አልኩ፤ ምን ልበል!

ቅዳሜ ገበያ ባዶ ጀሪካን ገዙ፣ ለቡና ችግኛቸው ውሃ ሊያመላልሱበት። ውሃው አረፋ አረፋ ሲልባቸው ችግኙን እንዳይገድልባቸው ፈሩ። ኮዱን አይተው፣ በባንክ ሲከፍሉ እንደሚያደርጉት ስካን አደረጉት። እኔ ደግሞ ስለ አንሶላ ብቻ ነው የማወራው። "ስለ ችግኝ ኋላ ይመጣ ይሆናል ብዬ እስከ ፍጻሜው ጠበቅሁ፤ ደግሜም ሰማሁት" አሉ። ሳቅ አፈነኝ። ለመጠጥ እንዳያደርጉት፣ አረፋው እስኪጠፋ ደጋግመው እንዲያለቀልቁት ነገርኳቸው። መርቀውኝ ዘጉ።

ሻይ ልጥድ ተነስቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ባዶ ጀሪካን? ባዶ ከሆነማ ሳሙናው አልቋል!

ሐሙስ፣ የካቲት 12

አቶ ሙሉቀን ጋ አልወጣሁም። በቀጥታ ወደ ላውንደሪው። ኃላፊዋ ወይዘሮ የሺ ገና ሲያዩኝ፣ "የት ጠፋሽ? ሳሙናሽ አለቀብን እኮ! ባዶውን እንደ ወጉ ሸጥነው። ይምጣልን ብዬ ለሙሉቀን ነግሬው ነበር፤ ማን ይሰማኛል" አሉ። አብረውኝ እንዲወጡ ለመንኳቸው። እሺ አይሉም ብዬ ነበር። እጃቸውን ጠርገው ቀድመውኝ ወጡ።

"እስቲ ስቶሩን ክፈትና ያልተከፈተውን ጀሪካን አሳየኝ" አሉት። "ነገ እነግርሻለሁ" አለኝ፣ ወደ መሬት እያየ።

ነገ ዓርብ ነው። እህል አልቀመስኩም።

ዓርብ፣ የካቲት 13

አዘዘ! ማኅተም ያለበት ትእዛዝ፣ በየወሩ የሚቀጥል!

አለቃዬ "ጎሽ" ብሎ ዘጋ። ወንድሜ "ስብሰባ ላይ ነኝ" አለ። ከዚያስ? ስልኬ ውስጥ ያለውን ስም ከላይ እስከ ታች ወረድኩት፤ ደንበኛ፣ ደንበኛ፣ ደንበኛ። አለቀስኩ። ደስ ሊለኝ በሚገባ ቀን!

መሪጌታ ጋ ደወልኩ። "እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!" አሉ። ባለቤታቸውን ሲጠሩ ሰማኋቸው፣ "ነይማ፣ ያቺ የጀሪካኗ ልጅ ቀናት!" ችግኙም ደህና ነው አሉኝ። "ለመሆኑ እዚያ ከማን ጋር ነሽ?" ብለው ጠየቁኝ።

ብቻዬን ነኝ አልኩ። አፌን ሞልቼ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። "በይ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ። ጀልባ አለ፤ ወደቡ ላይ እቀበልሻለሁ። በድምፅሽ አውቅሻለሁ" አሉ።

እሄዳለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም። ሳሙና ግን አልወስድም።