የቀረሮዋ አራስ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ያ ወፍ ዛሬም ሕፃኗን ቀሰቀሰብኝ። ገና እፎይ ማለቴ ነበር። ጥቁር ነው፣ ሦስት ቁራ ያህላል፣ ምንቃሩ ላይ ሌላ ምንቃር የተጫነበት ይመስላል። ሲጮኽ አህያ! መስኮቴ ፊት ካለው ትልቅ ዛፍ፣ ከቀረሮው ላይ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። አራስ ቤት ተኝተው ሌላ ምን ይታያል፣ ደብተሬ?

ሐሙስ
ጎረቤቴ አዴ ፋጡማ ገንፎ ይዘውልኝ መጡ። ስለ ወፉ ጠየቅኋቸው። ሚስቱ ግንዱ ውስጥ ናት አሉ፤ በጭቃ ተመርጎባት እንቁላል ታቅፋለች። ንድድ አልኩ። ቅናተኛ፣ ቆልፎባት እኮ ነው! አዴ ፋጡማ ሳቁብኝ።

ቅዳሜ፣ ጠዋት
ተሳስቻለሁ። የጭቃው ጠርዝ ትንሽ ተንዶ ነበር፤ ምንቃሯ ከውስጥ ብቅ ብሎ መልሶ መረገው። ራሷ ናት የምትዘጋው! እሱ ጭቃ አቀባይ ነው። ከዚያ ሾላውን ከጉሮሮው አንድ አንድ እያወጣ በስንጥቋ አጎረሳት። አፈርኩ። የኔው ባል ታደሰ ትናንት አጥሚቱን አሳርሮብኛል።

ረቡዕ
ታደሰ መጋዝ ሳቢ ነው። ከሥራ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። ቀበሌው ለመሰብሰቢያ አዳራሹ ሳንቃ ይፈልጋል፤ ሊቀመንበሩ ያንን ቀረሮ መርጧል። ዓርብ ይቆረጣል፤ ቆራጩም ታደሰ ነው። ስለ ወፏ ነገርኩት። ያውቃል። የክንፏ ላባ ረግፎ ከዛፉ ሥር ወድቆ አይቷል፤ ጭቃው ቢፈርስላትም መብረር አትችልም። እምቢ ቢል ደግሞ አሻጥረኛ ይሉታል። ባለፈው እንዲያ የተባለው ሰው እስካሁን ቤቱ አልገባም። ሁለታችንም እራት አልበላንም።

ሐሙስ
አዴ ፋጡማን አማከርኳቸው። ማል ጎና፣ ምን ይደረጋል፣ አላህ ያውቃል አሉ። ሕፃኗን አቀፏት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ "አራስ ላይ ዛፍ የሚጥል ወንድ ጅማ ውስጥ አልተወለደም፣ ልጄ።"

ዓርብ፣ ንጋት
መጋዙ ሲሳል ይሰማኛል። ክርስትናው ገና ነው፤ አራስ ከደጅ አትወጣም። እኔ ግን እወጣለሁ። ልጄን ታቅፌ፣ አራስ ያለ ብረት አትሄድምና ቢላዬን ይዤ፣ ከግንዱ ሥር ቁጭ። እስከ መቼ ቢሉኝ፣ ወፏ ጭቃዋን ሰብራ እስክትወጣ። አዴ ፋጡማ በርጩማ ይዘው ደጅ ቆመዋል፤ ብቻዬን አይለቁኝም። ለታደሰ አልነገርኩትም። በሁሉም ፊት ከልቡ ይቆጣኝ። ባሏ እምቢ አለ እንዳይሉ። ሚስቱ አበደች ይበሉ።